መንገድም ሐቅ አለው



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን ከቁም ነገር የማንቆጥረው ነው። ስለ መንደር ጩኸትና መኪና ስለሚቆምበት ቦታ እንነጋገራለን። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ እኛም ለብዙ ጊዜ ቀላል ይመስለን ነበር። አሶሳ ውስጥ አንድ ምሽት ያጋጠመን ነገር ግን ሐሳባችንን አስለወጠን።

በዚያ ምሽት ሠርግ ቤት ነበርን። ዘመዳችን ልጁን ይድራል። ድንኳኑ ግቢው አልበቃው ብሎ ወደ መንገዱ ወጥቷል። ድንኳኑንና ወንበሩን ያመጣው አይሱዙ ዕቃውን ካራገፈ በኋላ በጠባቧ መንገድ መግቢያ ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩም ከእኛው ጋር እራት ላይ ተቀምጧል። ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ፊታቸውን ወደ መንደሩ አዙረው መንዙማና ነሺዳ ይለቃሉ። ከመግሪብ በፊት የተጀመረው ድምፅ ከዒሻም በኋላ አላባራም። እኛ ግን ደስታ ላይ ስለነበርን ድምፁ በዛ ያለም፣ መንገዱ ተዘጋ ያለም አልነበረም።

ከሠርጉ ቤት ሦስት ቤት አለፍ ብላ የምትኖር አንዲት እናት በዚያው ሰዓት ልጇ በወባ ትኩሳት ይንቀጠቀጥባት ነበር። ባጃጅ አስጠራች፤ ባጃጁም መጣ። አይሱዙው ጋ ሲደርስ ግን ማለፊያ አጣ። ሾፌሩ ክላክስ ቢያደርግ የሚሰማው ጠፋ። እናትየዋ እስከ ድንኳኑ ድረስ መጥታ መኪናውን እንዲያነሱላት ብትጣራ ድምፅዋን ማጉያው ዋጠው። በመጨረሻም ልጇን አዝላ፣ የግንቦት ዝናብ ባረጠበው ጭቃ ላይ በእግሯ እስከ አስፋልቱ ሄደች።

ይህን ሁሉ የሰማነው በማግስቱ ጠዋት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ በጊዜ መድኃኒት አግኝቶ ተሽሎት ነበር። ከሙሽሪት አባት ጋር ሆነን ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ቡና አቀረበችልን፤ ሠርጉንም የአላህ በረካ ያድርግላችሁ ብላ መረቀችልን። አውፍ በይን ስንላት ዐይኖቿን ዝቅ አድርጋ፣ «አውፍ ብያለሁ፤ ማታ ግን ስጣራ የሰማኝ ሰው አልነበረም» አለችን።

ከዚያ ቤት የወጣነው አንገታችንን ደፍተን ነው። ማንንም ለመጉዳት አስበን አልነበረም። ነገር ግን ከሦስት ቤት ማዶ ያለች እናት የድረሱልኝ ጥሪ እንዳይሰማ ያደረግነው እኛ ነን። መንገዷን የዘጋነውም እኛ ነን። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከራሳችን ጀምረን ለመመካከር ነው።

የቀድሞዋ አሶሳና የዛሬዋ

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ የምትገኝ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት አካባቢው የእነ ሸኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን አገር ነበር። በርታው በአካባቢው ለረጅም ዘመን የኖረ ሕዝብ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በድርቅ ምክንያት የመጡ ሰፋሪዎች በዙሪያዋ ተቀመጡ። የክልል መንግሥት መቀመጫ ስትሆን ቢሮዎች ተከፈቱ፤ ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲ መጣ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህም በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኛ ወደ ክልሉ ገብቷል፤ የእርዳታ ድርጅቶች መኪናዎችም በዚያው መጠን በዝተዋል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 24 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በብዙ አድጋለች። ሰውና ተሽከርካሪው ሲጨምር ግን የውስጥ ለውስጥ መንገዱ በዚያው መጠን አልሰፋም። ቀድሞ ሰውና አህያ ብቻ ይመላለሱበት በነበረው ቀጭን መንገድ ዛሬ ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌት፣ የውኃ ቦቴና አይሱዙ ይጋፉበታል።

የቤቶቻችንም አሠራር ለዚህ ነገር አልተዘጋጀም። የክልሉ ሀብት ቀርከሃ ነው፤ ብዙው ሰው በቀርከሃም ሆነ በእንጨትና በጭቃ ቤት ሠርቶ ቆርቆሮ ይከድናል። እንዲህ ያለው ቤት ለሙቀቱ ይስማማል፤ ድምፅን ግን አያቆምም። በጎረቤት ግቢ የሚለቀቅ ቴፕ በእኛ መኝታ ቤት የተለቀቀ ያህል ይሰማል። ሙቀቱ ሲበረታ መስኮትና በር ከፍቶ ማደር ግድ ስለሚሆን ነገሩ ይብሳል።

እስቲ በአንድ ተራ መንደር የሚሰማውን እንቁጠር። ጎህ ሳይቀድ ሞተሩን አስነስቶ የሚያሞቅ የጭነት መኪና አለ። ማርሚታው የተነቀለ ሞተር ብስክሌት አለ። ተሳፋሪውን ከመውረድ ይልቅ በክላክስ የሚጠራ ባጃጅ አለ። ማሽላና በቆሎ የሚፈጭ የናፍጣ ወፍጮ አለ። መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጀነሬተር አለ። በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት፣ ኳስ የሚያሳይ ቤት፣ ፑል ቤት፣ ሙዚቃ የማያቋርጥ መጠጥ ቤት አለ። የእኛም የሠርግ ድንኳን ከዚሁ ቁጥር ይገባል። እያንዳንዱ የራሱን ጉዳይ ይዞ ይነሳል፤ ጎረቤቱ ግን ሁሉንም በአንድነት ይሰማል።

ጩኸት ምን ይጎዳል?

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች በመደበኛ ድምፅ ሲጫወቱ 60 ዴሲቤል ያህል ይሆናል። የዴሲቤል ቆጠራ ግን እንደ ኪሎና እንደ ሜትር አይደለም። 10 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል ዐሥር እጥፍ ያድጋል፤ ለጆሯችን ደግሞ እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ይሰማል። ስለዚህ «ትንሽ ጨመር አድርገው» የምንለው ነገር ለጎረቤት ትንሽ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ሰው በደንብ እንዲተኛ በመኝታ ቤት ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ መልካም መሆኑን ገልጿል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ለአውሮፓ አገሮች ባወጣው መመሪያ ደግሞ የመኪና መንገድ ድምፅ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። ምክንያቱም የሌሊት ጩኸት እንቅልፍን ብቻ አይደለም የሚነሳው። ሰውነት ተኝቶም ድምፅን ይሰማል፤ ልብ ምቱን ይጨምራል፤ የደም ግፊትም ከፍ ይላል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የልብ በሽታን አደጋ እንደሚጨምር ጥናቶች ያሳያሉ። በሽተኛው፣ አራሷ፣ ሽማግሌውና ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛው ዘበኛ ከሁላችን በላይ ይጎዳሉ።

ልጆቻችንስ? በ1975 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ከተማ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ባቡር ከሚያልፍበት ድልድይ አጠገብ ነው። በባቡሩ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩት ልጆች በሌላው ወገን ካሉት ጓደኞቻቸው በንባብ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ትምህርት ቤቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጩኸቱ ነበር። በኋላ በሐዲዱ ላይ ድምፅ የሚቀንስ ሥራ ሲሠራና የክፍሎቹ ጣሪያ ድምፅ በሚውጥ ነገር ሲለበስ ልዩነቱ ጠፋ። እንግዲህ ማታ ማታ በመብራት ሥር ደብተሩን ዘርግቶ የሚያጠናውን፣ ወይም በሉሑ ላይ የተጻፈለትን የሚያፍዘውን ልጅ እናስብ። ጎረቤት ያለው ድምፅ ማጉያ ከመጽሐፉ ያፈናቅለዋል። ማትሪክ ሲወድቅ ግን «ሰነፍ ነው» የምንለው እርሱን ነው።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

የጎረቤት ነገር በኢስላም ከባድ ነው። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት እየደጋገሙ አደራ ከማለታቸው የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ሊወርስ ነው ብለው እስከማሰብ መድረሳቸውን ከሐዲስ ተምረናል። ጎረቤቱ ከክፋቱ የማይድንበት ሰው ኢማኑ የተሟላ እንዳልሆነም አስጠንቅቀዋል። ሶላትና ጾም የምታበዛ፣ ነገር ግን ጎረቤቶቿን በምላሷ የምታስቸግር ሴት ሲነግሯቸው፣ ዒባዳዋ ብቻውን እንደማያድናት መናገራቸውም ይታወቃል። ምላስ ይህን ያህል ከከበደ፣ በሺህ ዋት የሚጮኸው ማጉያችን ምን ሊባል ነው?

ስለ ሌሊት ድምፅም ግሩም ምሳሌ አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሌሊት ወደ ቤት ሲገቡ ሰላምታቸውን የሚያሰሙት የነቃው እንዲሰማ፣ የተኛው ግን እንዳይነቃ አድርገው እንደነበር ሚቅዳድ (ረ.ዐ.) አውርተዋል። ሰላምታ ዒባዳ ነው፤ ሆኖም የተኛውን ሰው ሐቅ አልሻረም። በመስጊዳቸው ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉም ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቁርኣን ሲያነቡ ሰምተው፣ አንዱ ሌላውን እንዳያስቸግር መክረዋል። በቁርኣን ንባብ እንኳ ሌላውን መረበሽ ከተከለከለ የሌላው ነገር ግልጽ ነው። ሉቅማን ለልጃቸው ከሰጧቸው ምክሮች አንዱ ድምፅን ዝቅ ማድረግ መሆኑንም ልጆቻችን ያውቁታል።

መንገድን በተመለከተ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ዳር መቀመጥ ግድ ከሆነባችሁ የመንገዱን ሐቅ ስጡ ብለው ሶሐቦችን አዝዘዋል። ከሐቁ አንዱ አላፊ አግዳሚውን አለማስቸገር ነው። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገር ማንሳትም ከኢማን ክፍሎች ተቆጥሯል። በአንድ ዘመቻ ላይ ሰዎች ሲሰፍሩ ቦታ ሲያጣብቡና መንገድ ሲዘጉ ጊዜ፣ እንዲህ ያደረገ ሰው ጂሃዱ እንደማይቆጠርለት የሚያውጅ ሰው መላካቸው በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ተዘግቧል። እንግዲህ የዘማች ምንዳ በመንገድ መዝጋት ከጠፋ፣ ለጁምዓ ሶላት ብሎ መኪናውን በሰው በር ላይ ገትሮ የሚገባ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

ዑለማኦቻችንም ይህን ነገር በዝርዝር አይተውታል። በ1111 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ የመንገድ ላይ ጥፋቶችን ሲዘረዝሩ፣ መንገድ እስኪጠብ ድረስ ከብት ማሰርን ከእነዚያ ቆጥረዋል። ለመጫንና ለማራገፍ የሚያስፈልገውን ጊዜ ያህል ማቆም ግን ይፈቀዳል። የእርሳቸው ዘመን በቅሎና ግመል የእኛ ዘመን አይሱዙና ባጃጅ ነው፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቱኒስ የነበረው ግንበኛ ኢብኑ አር-ራሚም ጎረቤቶች በጭስ፣ በሽታ፣ በወፍጮ ንዝረትና ጩኸት ሲካሰሱ እንዴት እንደሚዳኝ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፏል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ዳኞች ጉዳቱን አይቶ እንዲመሰክር ወደ ስፍራው የሚልኩት እርሱን ነበር። ስለዚህ የመንደር ጸጥታ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ የራሳችን የፊቅህ ቅርስ ነው።

የአገራችን ሕግስ?

ብዙ ሰው ስለ ጩኸት የሚናገር ሕግ በአገራችን ያለ አይመስለውም። ሕጉ ግን አለ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ይዞታ የሆነ ሰው ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዝዛል። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ማድረስ አይፈቀድለትም። «ግቢዬ ነው፣ የፈለግሁትን አደርጋለሁ» የሚለው አባባል እንግዲህ በሸሪዓም በሕግም ዋጋ የለውም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህንንም ለማስፈጸም በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጣ። ዐዋጁ ጩኸትን ከብክለት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል፤ የድምፅ ልክ እንዲወሰንም ያዝዛል። በዚሁ መሠረት በወጣው የአገሪቱ የአካባቢ ደረጃ መመሪያ ለመኖሪያ ሠፈር የተቀመጠው ወሰን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለንግድ አካባቢ በቀን 65፣ በሌሊት 55 ነው። ለኢንዱስትሪ አካባቢ ደግሞ በቀን 75፣ በሌሊት 70 ነው። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ያለው ሲሆን ሌሊት የሚባለው ከማታ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ያለው ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ከላይ ካየነው የሰው ንግግር ጋር እናስተያያቸው። ከማታ ሦስት ሰዓት በኋላ በመኖሪያ መንደር የሚፈቀደው ድምፅ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ከሚነጋገሩት እንኳ ያነሰ ነው። የእኛ ሠርግ ቤት ማጉያ ከዚህ ምን ያህል እንደራቀ መናገር አያስፈልግም።

ስለ መኪና ማቆምም እንዲሁ ነው። የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ መኪና የት እንደሚቆምና የት እንደማይቆም ይወስናል። የእግረኛ መንገድና ማቋረጫ፣ መስቀለኛ መንገድና የግቢ መግቢያ በር የመኪና ማቆሚያ አይደሉም። ክላክስም የተሠራው ከአደጋ ለማስጠንቀቅ ነው፤ ተሳፋሪ ለመጥራት ወይም ዘበኛ በር እንዲከፍት ለማዘዝ አይደለም።

ዐዋጁ ለተራው ዜጋ የሰጠው ትልቅ መብት ደግሞ አለ። በአንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ የደረሰበት ባይሆንም እንኳ፣ አካባቢን በሚበክል ሰው ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይፈቀድለታል።

ሆኖም ከክስ በፊት ጉርብትና አለ። በመጀመሪያ ራሳችን ሄደን በመልካም አንደበት እንናገር። ድምፁ ባለበት ሰዓት ተቆጥተን ከምንሄድ ይልቅ በማግስቱ ረጋ ብለን ብንሄድ የተሻለ ይሰማናል። ካልሆነ የሠፈር ሽማግሌ፣ የዕድር ዳኛ ወይም የመስጊድ ኮሚቴ ይግባበት። ያም ካልረዳ ወደ ቀበሌና ደንብ አስከባሪ፣ መንገድ ከተዘጋም ወደ ትራፊክ ፖሊስ ይኬዳል። አቤቱታ ስንጽፍ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የድምፁን ምንጭ መዝግበን ብንይዝ ይጠቅመናል። በሞባይል ስልክ ድምፅ የሚለካ ፕሮግራምም ይገኛል፤ ልኬቱ ፍጹም ባይሆንም ነገሩን ለማሳየት ይረዳል።

የመስጊዳችን ድምፅ ማጉያ

ይህን ርዕስ አንስተን ስለ መስጊድ ማጉያ ዝም ብንል ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። አዛን የኢስላም ምልክት ነው፤ በእርሱ ላይ ክርክር የለንም። ቢላል (ረ.ዐ.) በመዲና የፈጅርን አዛን ያሰሙ የነበረው ከመስጊዱ አጠገብ ካለች የበኒ ነጃር ሴት ቤት ጣሪያ ላይ ሆነው፣ በባዶ ድምፃቸው ነበር። ማጉያ የመጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ በ1936 (እ.ኤ.አ.) በሲንጋፖር ሱልጣን መስጊድ መጠቀም እንደተጀመረ ይነገራል። ማጉያው ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ጥሪው የሚወደድ መሆኑ ይቀርና የሚያስመርር ይሆናል።

ሙስሊም አገሮችም ይህን ተመልክተዋል። ሳዑዲ ዐረቢያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የመስጊድ የውጭ ማጉያ ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲውል፣ ድምፁም ከመሣሪያው ዐቅም ሲሶ እንዳያልፍ አዝዛለች። ኢንዶኔዥያም በ2014 ዓ.ም. ባወጣችው መመሪያ የመስጊድ ማጉያን ወሰን 100 ዴሲቤል አድርጋለች፤ ድምፁም የተስተካከለና የማይሰነጠቅ እንዲሆን ጠይቃለች። አዛንን ያከበሩት እንጂ የከለከሉት አይደሉም።

በክልላችን በ1999ኙ ቆጠራ መሠረት 45 ከመቶው ሙስሊም፣ 33 ከመቶው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ሲሆን ፕሮቴስታንቱና ሌላውም አለ። በአንድ አጥር ተዋስነን፣ በሐዘንና በደስታ ተጠራርተን እንኖራለን። «እነርሱም ያስጮሁብናል» የሚለው መልስ ለሙእሚን አይበቃም። ከእኛ ቢጀመር ምንዳውም ለእኛ ነው። አዛንና ኢቃማው በውጭ ማጉያ ይሁን፤ ደርሱ፣ ሙሓደራውና መንዙማው ግን በውስጥ ማጉያ ለተቀመጠው ጀመዓ ይበቃል። ማይኩን ለመሞከር «አንድ፣ ሁለት» እያሉ መንደሩን መቀስቀስም ይቅር።

ምን እናድርግ?

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ሠርግ ስትደግሱ ከአንድ ሳምንት በፊት ጎረቤቶቻችሁን ዙሩ። ሕመምተኛ ካለ፣ አራስ ካለች፣ ፈተና ያለበት ተማሪ ካለ ጠይቁ። ማጉያውን ወደ ድንኳኑ ውስጥ አዙሩት። ከማታ ሦስት ሰዓት በኋላ አጥፉት። በሜዳ ላይ ከድምፁ ምንጭ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳልና፣ ማጉያው ከጎረቤት ግድግዳ በተቻለ መጠን ይራቅ። የበርታ ወንድሞቻችን በዋዛና በዙምባራ ደስታቸውን ሲገልጹ ኖረዋል፤ ያ ድምፅ የሰው እስትንፋስ ስለሆነ ነፊው ሲደክመው ያርፋል። ማሽን ግን አይደክመውምና ልክ የምናበጅለት እኛው ነን።

ድንኳን ስትተክሉ ቢያንስ አንድ ባጃጅ የሚያሳልፍ መንገድ ተዉ። መኪና ያመጣ እንግዳ ሁሉ የት እንደሚያቆም የሚያሳዩ ሁለት ወጣቶች መድቡ። መኪናውን ትቶ የሚገባ ሾፌር ስልክ ቁጥሩን በመስታወቱ ላይ ይተው፤ ቁልፉን ለአንድ ኃላፊ ቢሰጥ ደግሞ ይመረጣል። ይህ ብቻ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ያች እናት ልጇን አዝላ በጭቃ አትሄድም ነበር።

ባጃጅና ሞተር የምታሽከረክሩ ወጣቶች ሆይ፣ ማርሚታ የሚነቀለው ለጉልበት አይደለም፤ ለመታየት ነው። የሰው እንቅልፍ ከፍሎ መታየት ኪሳራ ነው። ተሳፋሪ ለመጥራት ስልክ ደውሉ ወይም ወርዳችሁ አንኳኩ። ለጁምዓ ስትመጡ ቀደም ብላችሁ ውጡ፤ ቦታ ከጠፋ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና በእግር ኑ። ወደ መስጊድ የሚራመድ እግር እያንዳንዱ እርምጃው ምንዳ አለው።

ወፍጮና ብረታ ብረት ቤት ያላችሁም ሥራችሁ የሕዝብ አገልግሎት ነውና እንዲቆም አንፈልግም። ነገር ግን ሞተሩን በጎማ ላይ ማሳረፍ፣ ማርሚታውን በጊዜ መቀየር፣ በጎረቤት በኩል ያለውን ግድግዳ በጭቃ አወፍሮ መለሰን፣ ማታ ማታ መዝጋት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የከተማው አስተዳደርም ድርሻ አለበት። የጭነት መኪና ማደሪያ ቦታ ካልተዘጋጀለት በመንደር ውስጥ ማደሩ አይቀርም። ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ ካልተለየለት በየበሩ መቆሙ አይቀርም። ለአዲስ መንደር መሬት ሲሸነሸን የውስጥ መንገዱ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የሚያሳልፍ ይሁን፤ ወፍጮና ጋራዥም ከመኖሪያ ቤት ይራቁ። ሕግ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሕጉን የሚያስከብረው ሠራተኛ ድምፅ መለኪያ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚያ ሠርግ በኋላ እኛም በቤታችን ቃል ገብተናል። ድግስ ሲኖረን በመጀመሪያ የምናየው የመንገዱን ስፋት ነው። ማጉያ ስንከፍትም አንዳችን ወጥተን ሦስት ቤት አልፈን ቆመን እናዳምጣለን፤ የሰው ጥሪ ሊሰማበት የማይችል ከሆነ ተመልሰን እንቀንሳለን። እናንተም በቤታችሁ ሞክሩት። ዛሬ ማታ በጎረቤታችሁ የሚጣራ ሰው ቢኖር የሚሰማው ያግኝ።

አላህ ከጎረቤት ሐቅ ተጠያቂነት ይጠብቀን። ለመንደሮቻችን ሰላምን፣ ለታመሙት ዓፊያን፣ ለልጆቻችንም ጠቃሚ ዒልምን ይወፍቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።